«ሁሉም ደህና ነው» ከተባለ ለምን አንወልድም? ጥያቄና መልስ

ምርመራው ሁሉ «ደህና» እየተባለልን ዓመታት ቆይተን በአይ ቪ ኤፍ ወለድን፤ እንቁላልና ዘር ላብራቶሪ ውስጥ ተገናኝተው ጽንሱ ማህፀን ውስጥ የሚገባበት ሕክምና ነው። ሐኪም አይደለሁም። የማውቀውን እመልሳለሁ፤ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ «ምክንያቱ አልታወቀም» ማለት ምንድነው? ባለቤቴ ሐኪሞቹ የደበቁን ነገር አለ ይላል።

መልስ፦ አልደበቋችሁም። እንቁላልሽ በየወሩ ይወጣል፣ ቱቦዎችሽ ክፍት ናቸው፣ የእሱም የዘር ምርመራ ጥሩ ነው ማለት ነው። ዘሩ እንቁላሉ ውስጥ መግባት መቻሉን ግን እነዚህ ምርመራዎች አያሳዩም። አንዳንዴ እሱ የሚታየው ላብራቶሪ ውስጥ ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

ጥያቄ፦ ባሌ አልመረመርም ብሏል።

መልስ፦ እንግዲያው የእናንተ «ምክንያቱ ያልታወቀ» አይባልም፤ ግማሹ ገና አልታየም። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ የዘር ፈሳሽ መስጠት ነው፤ መርፌ እንኳ የለውም። የሚያመው ያንቺ ቱቦ በራጅ ሲታይ ነው። ይህን ንገሪው።

ጥያቄ፦ 31 ዓመቴ ነው። በቀጥታ አይ ቪ ኤፍ እንጀምር?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሞከረው እንቁላል የሚያሳድግ ክኒንና አይ ዩ አይ ነው፤ የታጠበውን ዘር ማህፀን ውስጥ ማስገባት ማለት ነው። ዋጋውም ይቀላል። ከ35 በላይ የሆናችሁ ግን በራሳችሁ 6 ወር ሞክራችሁ ካልሆነ ሐኪም ጋ ለመሄድ ዓመት አትጠብቁ።

ጥያቄ፦ እንቁላል የሚያሳድገው የአይ ቪ ኤፍ መርፌ ያማል?

መልስ፦ ቀጭን ነው፣ ሆድ ላይ ከቆዳ ሥር ነው የሚወጋው። እኔን ያስጨነቀኝ ሰዓቱ ነው። የመጨረሻው መርፌ ከተወጋ ከ34 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ እንቁላሉ ከሰውነትሽ ይወሰዳል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ጠዋት ስለሆነ መወጊያው ሌሊት ላይ ይውላል። ባለቤቴ ሁለት ስልክ ላይ አላርም ሞልቶ፣ ሲሪንጁን በሻይ ሰሃን ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። እኔ ለጥ ብያለሁ! ከዚያ በኋላ ሆድሽ በፍጥነት ከተነፋ፣ ካስታወከሽ ወይ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ሐኪምሽ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ጸበል እየተጠመቅኩ መታከም እችላለሁ?

መልስ፦ እኔ ሁለቱንም አድርጌአለሁ። መድኃኒቱን ብቻ አታቋርጪ። ሰው የሚሰጥሽን ሥራሥር ግን ለሐኪምሽ ሳትነግሪ እንዳትጠጪ።

ጥያቄ፦ በመንግሥት ሆስፒታል ይሰጣል?

መልስ፦ አዎ፣ አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ማዕከሉን በ2011 ዓ.ም. ከፍቷል። ወደ ግል ከሄዳችሁ የተነገራችሁ ዋጋ መድኃኒቱንና የተረፈውን ጽንስ ማቆያ ይጨምር እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ኪስ የሚያራግፈው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጽንሱ ከገባ በኋላ አልጋ ላይ ልዋል?

መልስ፦ ምንም አይጨምርልሽም። ተነሺና ቀለል ያለ ሥራሽን ሥሪ።

ጥያቄ፦ ጽንሱ ከገባ 4 ቀኔ ነው፣ የሽንት ምርመራው ፖዘቲቭ አለ! ለአማቴ ልንገራቸው?

መልስ፦ ኧረ ቆይ! ያ የሌሊቱ መርፌ ብዙ ጊዜ ራሱ የእርግዝና ሆርሞን ነው፤ ከሰውነትሽ እስኪወጣ ሽንት ላይ ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። የደም ምርመራሽን ቀን ጠብቂ። ለእማማ «ገና ነው» በያቸው።