መልስ፦ ለፒክአፕ የኦል ተሬን ጎማ ልክ ስለ መምረጥ

ጤና ይስጥልኝ። በሰንዳፋና በለገጣፎ መካከል ለሚመላለሰው ሃይሉክስዎ፣ 265/65 አር 17 የነበረውን ጎማ በ265/70 አር 17 ኦል ተሬን (ለአስፋልትም ለአፈር መንገድም በተሠራ ጎማ) መተካት ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ አር 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው፤ ሁለተኛው ቁጥር የጎማው ጎን ከፍታ ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ስለሚገልጽ፣ ከ65 ወደ 70 ሲወጡ ዲያሜትሩ ከ776 ወደ 803 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ መኪናው ከመሬት የሚነሣው ግን የጭማሪውን ግማሽ፣ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ለዚህች ትርፍ ሲባል ሞተሩ ጭነት ይዞ ሲነሣ ይከብደዋል፣ የፍጥነት መቁጠሪያው ከቀድሞው አሳንሶ ያነባል፣ መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞርም ጎማው ፓራፋንጎውን ሊነካ ይችላል።

ስለዚህ የፋብሪካውን ልክ ይዘው የጥርሱን ዓይነት ብቻ ቢለውጡ እመርጣለሁ። በክረምት የአካባቢው ጥቁር መረሬ አፈር በጥርሶቹ መካከል ስለሚጠቀጠቅ፣ ከቁመቱ ይልቅ የጥርሶቹ ክፍተት ይጠቅምዎታል (በዚያ ጭቃ ኦል ተሬንም ቢሆን ተአምር አይሠራም)። እህል ወይም ሲሚንቶ የሚጭኑ ከሆነ ከልኩ ቀጥሎ የተጻፈውን የጭነት ቁጥር ያንብቡ፤ 112 ማለት አንዱ ጎማ እስከ 1,120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ስለሆነ፣ መኪናው ይዞት ከመጣው ቁጥር በታች አይግዙ። ስኮርታውም ልኩ ከአራቱ ጋር አንድ ይሁን።