በነጻ የተሰናበተ ተከሳሽ የጠበቃ ወጪውን ማን ይተካለት?

ወንድማችን «በወንጀል ተከሶ በነጻ የተሰናበተ ሰው ለጠበቃ ያወጣውን ገንዘብ መንግሥት ሊመልስለት ይገባል ወይ?» ሲል ላቀረበው ጥያቄ፣ ነገሩ በራሴ ላይ ደርሷልና የማውቀውን ልመልስ። በእኔ እምነት ሊመለስለት ይገባል።

ባሕር ዳር ውስጥ የዓሣ መረብና የጀልባ ሞተር መለዋወጫ መጋዘን ኃላፊ ሆኜ ስሠራ፣ በቆጠራ ጉድለት ተገኘ ተብሎ በእምነት ማጉደል ተከሰስኩ። ከሥራ በመታገዴ የኪራይ ቤቴን ለቅቄ ዘጌ ወላጆቼ ዘንድ ገባሁ፤ ከዚያም በጠዋት ጀልባ እየተሳፈርኩ 11 ቀጠሮ ተመላለስኩ፤ አራቱ ምስክር አልቀረበም ተብለው የተለወጡ ናቸው። በመጨረሻም ጎደለ የተባለው ዕቃ በሞዴል 22 (ዕቃ ከመጋዘን ወጪ በሚደረግበት ቅጽ) በሕጋዊ መንገድ ወጪ መሆኑ ዐቃቤ ሕግ ራሱ ካያያዘው ሰነድ ላይ ስለታየ፣ ፍርድ ቤቱ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 141 መሠረት መከላከል ሳያስፈልገኝ በነጻ አሰናበተኝ።

ለዋስትና ያስያዝኩት ገንዘብ ተመለሰልኝ። ለጠበቃ የከፈልኩት 40,000 ብር ግን አባቴ ገና ያልተለቀመ ቡናቸውን ለነጋዴ በርካሽ አስይዘው የተበደሩት ነበር፤ እሱ በዚያው ቀረ። የውሳኔውን ግልባጭ ለመውሰድ መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ስቆም፣ ከፊቴ በመሬት ክርክር የረቱ አንድ አዛውንት የወጪና ኪሣራ ዝርዝራቸውን ሲያስገቡ አየሁና ጠበቃዬን «እኔስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እሱ ለፍትሐ ብሔር ነው ልጄ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 462 ጀምሮ ለረቺው ይህን መብት ይሰጣል። ጎረቤት ለከሰሰው ሰው ወጪው የሚተካለት ከሆነ፣ መንግሥት ከሶት ነጻ ለወጣ ሰው የሚነፈግበት ምክንያት እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 አቅም ለሌለው ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት ማዘዙ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን እንደ እኛ ቤት ንብረቱን አስይዞ የሚከፍለውን አይደርስለትም። «በማስረጃ ማነስ የተለቀቀ ሁሉ ንጹሕ አይደለም» የሚለውም ክርክር፣ በዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 3 ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት ስላለ፣ ሚዛን አይደፋም። ዐቃቤ ሕጎች ክስ ለመመሥረት እንዳይፈሩ ክፍያው ከመንግሥት ካዝና ይሁን፤ መጠኑንም ፍርድ ቤት በደረሰኝ ይወስን።

እስከዚያው ድረስ፣ ጠያቂው ወንድማችን እያወቀ በሐሰት የወነጀለው ሰው ካለ፣ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ኃላፊነት (ውል ሳይኖር በሌላው ላይ ለደረሰ ጉዳት ተጠያቂ መሆን) መሠረት ካሣ ሊጠይቀው ይችላል። ይርጋው፣ ማለትም ክሱ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ 2 ዓመት ብቻ ስለሆነ የጠበቃ ውሉን፣ የክፍያ ደረሰኞቹንና የውሳኔውን ግልባጭ ይዞ ሳይዘገይ የሕግ ባለሙያ ያማክር።