ጠጠሩ ቀለሙን ሳይጨርሰው፦ ስለ ጭቃ መከላከያ የጠየቃችሁን

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ መኪና ዙሪያ ናቸው፤ ሱባሩ ደብልዩ አር ኤክስ። ከጎማው ኋላ የሚንጠለጠለው ሰፊ ላስቲክ ለአንዱ ጌጥ ነው፣ ለሌላው የራሊ (በጠጠርና በጭቃ መንገድ የሚደረግ የመኪና ውድድር) ትዝታ። ክረምት በመጣ ቁጥር መንገዱ ላይ በረዶ ማቅለጫ ጨው የሚነሰነስበት ከተማ ለሚኖር ግን የግድ ነው። አጭሩን ባጭሩ፣ ማብራሪያ የሚፈልገውን ረዘም አድርገን መልሰናል።

የ2018 ደብልዩ አር ኤክስ አለኝ። ፋብሪካው 18 በ8.5 ኢንች፣ ኦፍሴት (ቸርኬው ወደ ውስጥ የሚገባበት ልክ በሚሊሜትር) 55 የነበረውን ቸርኬ በ18 በ9.5፣ ኦፍሴት 38 ቀየርኩት። ከዚያ ወዲህ ከኋላ በር ስርና ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት ያለው ቀለም በነጭ ነጠብጣብ ተሞላ። መከላከያ ባስገባ ይቆማል? (ከዴንቨር)

ጨርሶ አይቆምም፤ በጣም ይቀንሳል። መጀመሪያ ሂሳቡን እንስራ። ቸርኬው በ1 ኢንች ስለሰፋ ግማሹ፣ ማለትም 12.7 ሚሊሜትር፣ ወደ ውጭ ሄዷል። ኦፍሴቱ ከ55 ወደ 38 ሲወርድ ሌላ 17 ሚሊሜትር ተጨመረ። ድምሩ 3 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ፋብሪካው ጎማውን ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) ስር የደበቀው ለመልክ ብቻ አልነበረም። አሁን የፊት ጎማዎ ያነሳውን ጠጠር የሚያስቆመው ነገር ስለሌለ በቀጥታ የመኪናውን ጎን ይመታል።

ስለዚህ ገንዘብዎ ለሁለት ብቻ ከበቃ የፊቶቹን ይግዙ። የእርስዎን ቀለም የሚበላው የፊት ጎማ ነው፤ የኋላዎቹ በዋናነት የሚጠቅሙት የኋላ ፓራውልትዎንና ከኋላ የሚከተልዎትን ሰው መስታወት ነው።

ስፋቱን ለማወቅ ክር ላይ ዳዶ ይሰሩና ከፊት ፓራፋንጎው ጠርዝ ቁልቁል ያንጠልጥሉት። ጎማው ከክሩ ምን ያህል ወደ ውጭ እንደወጣ ይለኩና 1 ሴንቲሜትር ይጨምሩበት። መከላከያው ከፓራፋንጎው ጠርዝ ወደ ውጭ መውጣት ያለበት ያን ያህል ነው። ለፋብሪካው ጎማ ስፋት ተብሎ የተሠራው ትንሹ ቅርጽ ያለው መከላከያ ለእርስዎ ቸርኬ አይበቃም። ነጭ የሆኑትን ነጠብጣቦች ግን አስቀድመው በቀለም ይድፈኗቸው፤ ላሜራው ድረስ የዘለቀ ካለ ዝገቱ መከላከያ እስኪገባለት አይጠብቅም።

ቦዲውን ሳልበሳ ራሴ ማስገባት እችላለሁ? (ከሲያትል)

ለመኪናዎ ሞዴልና ዓመት ተለክቶ የተቆረጠ ከገዙ ይችላሉ፤ ፋብሪካው የጎማውን ቤት የውስጥ ፕላስቲክ ያሰረባቸውን ቀዳዳዎች ነው የሚጠቀመው። ለጀማሪ ሁለት ሰዓት ይበቃል። የ10 ቁልፍ፣ የመስቀል ካቻቪቴ፣ የፕላስቲክ ክሊፕ መንቀያ፣ የ19 የጎማ ቁልፍ፣ ክሪክና መደገፊያ ያዘጋጁ።

መኪናው ይታጠብ፣ በተለይ መከላከያው የሚያርፍበት ጠርዝ። እዚያ የቀረች አንዲት የአሸዋ ፍሬ ለዓመታት ቀለሙን ስትፍቅ ትኖራለች። ለፊቱ ጎማ ማውለቅ አያስፈልግም፤ ቀኙን ሲሰሩ መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ፣ ግራውን ሲሰሩ ወደ ግራ ያዙሩ። የጎማው ኋላ ወደ ውስጥ ስለሚገባ እጅ የሚያስገባ ቦታ ይከፈታል።

ክሊፖቹን ነቅለው መከላከያውን በሁሉም ቀዳዳዎች በእጅ ብቻ ይያዙት። አንዱን አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ የተለመደ ስህተት ነው፤ የመጨረሻው ቀዳዳ አልገጥም ይላል፣ ሰውም ትራፓኖ ያነሳል። ሁሉም ከገቡ በኋላ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዙሩና በጎማውና በመከላከያው መካከል ቢያንስ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲሜትር ክፍተት መኖሩን ይዩ። ከዚያ በየተራ ያጥብቁ። ሮንዴላው ተጭኖ የላስቲኩ ጠርዝ መጉበጥ ሲጀምር አልፈዋል ማለት ነው፤ ሩብ ዙር ይመልሱ። ከፕላስቲኩ ኋላ ያለው ቀጭን የብረት መያዣ ጥርሱ በቀላሉ ይበላል፤ ከተበላ ደግሞ ቪቴው ዝም ብሎ ይዞራል።

ለኋላው ጎማውን ማውለቅ ይሻላል። ክሪኩን የመኪናው መመሪያ ባሳየው ነጥብ ላይ ብቻ ያቁሙ፣ መደገፊያም ያስገቡ። ጎማውን ሲመልሱ ዳዶዎቹን ፊት ለፊት በሚተያዩበት ቅደም ተከተል በ120 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ፣ ከ100 ኪሎሜትር በኋላም ደግመው ይፈትሹ።

መብሳት ግድ ከሆነ ፕላስቲኩን እንጂ ላሜራውን አይብሱ። በቀኝ በኩል ከኋላ ጎማው ቤት ፕላስቲክ ጀርባ የነዳጅ መሙያው ቱቦ ያልፋል፤ እዚያ በጭፍን ትራፓኖ የሚያስገባ ሰው ምን እየሰራ እንደሆነ አያውቅም። ላሜራ ከተበሳ ደግሞ የቀዳዳው ከንፈር ቀለም ተቀብቶ ሳይደርቅ ቡሎን አይገባበትም።

ባለፈው ጥር ጠዋት መከላከያውን በእግሬ ነካ ባደርገው እንደ ብርጭቆ ተሰበረ። ጥራት የሌለው ሸጠውልኝ ነው? (ከሚኒያፖሊስ)

ምናልባት። ግን ነካ አደረግሁት ያሉት እርግጫ ይመስለናል፤ የተጋገረውን በረዶ ለማራገፍ ሁሉም እንዲያ ያደርጋል። ጠንካራ ፕላስቲክ በብርድ ይደርቃል፣ ሲመታም ይሰነጠቃል። ፖሊዩሬቴን (ላስቲክ የሚመስል ተጣጣፊ ፕላስቲክ) በአንጻሩ በብርድም ይታጠፋል፤ ዋጋው ከፍ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ሲገዙ ውፍረቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር የሆነውን ይምረጡ።

በረዶውን በመዳፍዎ ከኋላ ገፋ አድርገው ያራግፉት። ቆሞ የረጋ በረዶ ክብደቱ ቀላል አይደለም፤ ቡሎኖቹ ቢችሉት እንኳ የተያዘበት ፕላስቲክ ላይችለው ይችላል። ፈልቶ የወረደ ውሃ አያፍስሱበት።

በኋላ ማርሽ ስወጣ መከላከያው ጎማው ስር ገብቶ የውስጡን ፕላስቲክ ጭምር ገነጠለው። ለምን?

ወደፊት ሲነዱ መከላከያው አንድ ነገር ቢነካ ወደ ኋላ፣ ከጎማው ርቆ ይታጠፋል። ወደ ኋላ ሲሄዱ ግን የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ወይም የበረዶ ክምር ይይዘውና ወደ ጎማው ይገፋዋል። የጎማው ጥርስ አንዴ ከነከሰው ልቀቀኝ ቢሉት አይለቅም። የፊት ጎማዎ ጠርዙ ላይ ወጥቶ ያቆሙ እንደሆነ ከኋላው ያለው መከላከያም ጠርዙን አልፎ ወርዷል፤ ሲወጡ የሚያዘው እሱ ነው። ከጠርዙ ግማሽ ሜትር ርቀው ያቁሙ፤ ቦታ ከጠበበ፣ በኋላ ማርሽ ገብተው ወደፊት ይውጡ።

የተገነጠለውን በሚቀጥለው ጊዜ ከሁሉም በጠነከረ ቡሎን አይሰሩት። ክሊፑ ቢለቅ የሚጠፋው ሳንቲም ነው፤ ክሊፑ አልለቅም ካለ ግን ፓራፋንጎው ይጣመማል።

መኪናዬን በሞላ 3 ሴንቲሜትር ዝቅ አድርጌዋለሁ። መከላከያው ከመሬት ምን ያህል ይራቅ?

የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን የራሊ ደንብ ተጣጣፊ ፕላስቲክ፣ ቢያንስ 4 ሚሊሜትር ውፍረት፣ የታችኛው ጫፍ ከመሬት ከ10 ሴንቲሜትር ያልራቀ ይላል፤ መኪናው ቆሞ፣ ሰው ሳይገባበት። ሰዎች ይህን ቁጥር ለከተማ መንዳት ሲጠቅሱት እንሰማለን። የራሊው ደንብ የሚያስበው ለጠጠር ከፍ ተደርጎ ስለተሠራ መኪና ነው።

የእርስዎ መኪና ሲወጣ ከመሬት 13 ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ነበር፤ አሁን 10 ተኩል ነው። ባዶውን ሳይሆን አራት ሰውና ሻንጣ ጭነው ይለኩ፣ በዚያ ሁኔታ ከ7 እስከ 8 ሴንቲሜትር ይቅር። ትርፉን በስለታም ቢላዋና በብረት ማስመሪያ ይቁረጡ፤ መቀስ ጠርዙን ያዛባዋል። በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ አልፎ አልፎ ቢታከክ ግን አይደንግጡ፤ ፖሊዩሬቴን በራሱ ጊዜ ተበልቶ መንገዱ የሚፈቅድለትን ቁመት ያገኛል።

ከአሮጌ የፋብሪካ ማጓጓዣ ቀበቶ ቆርጬ ብሠራስ?

ይሠራል፤ ክብደቱን ግን ያስቡ። 30 በ40 ሴንቲሜትር የሆነ፣ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የፖሊዩሬቴን መከላከያ 600 ግራም አይሞላም። 8 ሚሊሜትር ቀበቶ በዚያው ልክ ቢቆረጥ ከ1 ኪሎ ይበልጣል፣ ጭቃ ሲይዝ ደግሞ ሌላ ነው። ያ ሁሉ በሦስት የፕላስቲክ ክሊፕ አይያዝም። የ4 ሚሊሜትር ሉህ ገዝተው በካርቶን ልኩን ካወጡ በኋላ ቢቆርጡ ወጪው ብዙም አይርቅም።

ፍጥነት ይቀንሳል? ቀዩስ ይሻላል ጥቁሩ?

በዕለታዊ መንዳት የሚሰማዎት ልዩነት የለም። በፈጣን መንገድ ላይ ወደ ኋላ ተነፍቶ የሚውለበለብ ከሆነ ግን ቀጭን ነው፣ ወይም የታችኛው መያዣ ተረስቷል። ቀለም የእርስዎ ምርጫ ነው። በ1997 የራሊ ሹፌሩ ኮሊን ማክሬ የኬንያውን ሳፋሪ ራሊ በሱባሩ ኢምፕሬዛ ሲያሸንፍ መከላከያው ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው በዚያ ጭቃ ውስጥ ማን ያያል?

ሁለት ዓመት ቆይቼ ባወልቀው ከስሩ ያለው ቀለም ደብዝዞ አገኘሁት። መከላከያው ራሱ ነው የጎዳኝ?

በከፊል አዎ። መከላከያው ሲወዛወዝ ከኋላው የገባው ደቃቅ አሸዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ላስቲኩ በሚያርፍበት ጠርዝ ላይ 3 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ግልጽ የቀለም መከላከያ ፊልም ይለጥፉ፤ ይህ መከላከያው ከመግባቱ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ጨው የሚነሰነስበት ወራት እንዳለቀ፣ ቡሎኖቹን ፈተው ጀርባውን ይጠቡ። በየሳምንቱ ደግሞ የግፊት ውሃውን ከላይ ወደ ታች፣ በላስቲኩና በቦዲው መካከል ይልቀቁ፤ ከታች ወደ ላይ ከረጩ አሸዋውን ይበልጥ ወደ ውስጥ ነው የሚያስገቡት። የደበዘዘውን በቀላል ፖሊሽ ይሞክሩት፤ ጥፍርዎ ጭረቱ ውስጥ ከገባ ግን ፖሊሽ አይመልሰውም።