የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፊደሉ የጠፋበት የእድር መዝገብ

ጥያቄ፦ በጎንደር ማራኪ አካባቢ የምንኖር፣ ከሥራና ከትምህርት በተረፈን ጊዜ ኮምፒውተር ስንነካካ የምንውል ወጣቶች ነን። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ለዓመታት ሲያስጽፉት የኖሩትን የአባላት መዝገብ ወደ አዲስ ላፕቶፕ እንድናዛውርላቸው ሰጡን። ፋይሉ ቢከፈትም አንድም የአማርኛ ፊደል አይታይበትም፤ ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት ብቻ ነው። ጋሼ «ቫይረስ በላው» ብለው ተስፋ ቆርጠዋል። ሊድን ይችላል? ከዳነስ እንዴት ብንይዘው ይሻላል?

መልስ፦ መዝገቡ ደኅና ነው፤ ይህን ቀድማችሁ ለጋሼ ንገሯቸው። የጎደለው ጽሑፉ የተጻፈበት የድሮ ፎንት፣ ማለትም የፊደሎቹን ቅርጽ የያዘው ፋይል ነው። ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፊደል የሚይዘው በቁጥር ነው፤ የግዕዝ ፊደል ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚመድበው በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የራሱን ቋሚ ቁጥሮች ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት፣ በእኛ አገር ደግሞ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ፊደሎቹን በላቲን ፊደላትና ምልክቶች መቀመጫ ላይ እንደየመሰላቸው ያሰፍሩ ነበር። በፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲኑ ቁጥር ሲሆን፣ በስክሪን ላይ «ሀ» አስመስሎ ያሳይ የነበረው ፎንቱ ብቻ ነው፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ከሥር ያለው ይገለጣል። ነገሩን ያወሳሰበው 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 መሆናቸው፣ ከነዲቃሎቹ፣ ከነአኃዙና ከነነጥቡ ሲቆጠሩ ደግሞ ለአንድ ፎንት 256 መቀመጫ መብዛታቸው ነው፤ በዚህም ምክንያት አንዳንዶቹ ሠሪዎች ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት አከፋፍለውታል።

ብዙ ሰው መዝገቡን በገዛ እጁ የሚገድለው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ሰው ስም ውስጥ እንኳ ሁለት ፎንት ሊኖር ስለሚችል፣ ያው የላቲን ምልክት በአንደኛው ፎንት አንድ ፊደል፣ በሁለተኛው ሌላ ፊደል ይሆናል። ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ብትለጥፉት የፎንቱ መረጃ ይቀርና የትኛው ምልክት የትኛውን ፊደል ይወክል እንደነበር ከፋይሉ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ዋናውን ፋይል ሳትነኩ አስቀምጡና በቅጂው ላይ ሥሩ፤ በወርድ ከፍታችሁ ጽሑፉን ስትመርጡ የፎንቱ ስም ከላይ ይታያችኋል። ያንን ፎንት መዝገቡ ከተጻፈበት ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ ጫኑት፤ መነበብ ሲጀምር ለዚያው ፎንት በተሠራ መቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ አዛውሩት። መቀየሪያ ካጣችሁ ስሞቹን ተካፍሎ እንደገና መተየብ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም፤ እኔ እንዲያውም ያልተጣራ መቀየሪያ ያበላሸውን ሲያርሙ ከመዋል እርሱን እመርጣለሁ። በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ እንደ ጓንጉል፣ ጐሹና ቋራ ያሉ ዲቃላ ፊደል ያለባቸውን ስሞች በወረቀት ከታተመው ጋር አስተያዩ።

አያያዙን በተመለከተ፣ መዝገቡን በኤክሴል ወይም በነጻው ሊብሬኦፊስ ያዙት። አቶ ኃይሉን «ሀይሉ» ብሎ የፈለገ ሰው አያገኛቸውም፤ ለኮምፒውተሩ «ኃ» እና «ሀ» ፈጽሞ የተለያዩ ፊደላት ናቸውና። ይሁን እንጂ ለፍለጋ ይመቸናል ብላችሁ የሰውን ስም አትቀይሩ፤ ባለቤቱ እንደሚጽፈው ተዉትና ሞክሼ ፊደላት ሁሉ ወደ አንድ የተጠቃለሉበት ሌላ ዐምድ ከጎኑ ክፈቱ። ቀኑም የራሱ ጣጣ አለው። ቀንን ከወር አስቀድሞ እንዲያነብ በተስተካከለ ኮምፒውተር ላይ ጥቅምት 15 ቀን 2016ን 15/2/2016 ብላችሁ ብትጽፉ፣ ኤክሴል ያለ አንዳች ቅሬታ የፌብሩዋሪ ቀን አድርጎ ይቀበለዋል፤ ጥቅምት 30ን ግን ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል፤ ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ናትና አያውቃትም። ወርኃዊ መዋጮ ያላገባውን በቀን ቅደም ተከተል ልደርድር ስትሉ ዝርዝሩ የሚደበላለቀው በዚህ ነው። ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በሦስት ዐምድ ለይታችሁ ብታስገቡ ከዚህ ትገላገላላችሁ።

ለአባላት የሐዘን ጥሪ በኤስኤምኤስ የምትልኩም ከሆነ፣ የአንድ መልእክት ልክ በላቲን 160 ፊደል ሲሆን በእኛ ፊደል 70 ብቻ መሆኑን አትርሱ፤ ከዚያ ያለፈው ተከፍሎ ስለሚሄድ የሁለት መልእክት ሒሳብ ይቆረጥበታል። የሟችን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን አስቀድሙ። ስልክ ቁጥር ያለበትን ሙሉ መዝገብ ግን በሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትልቀቁት።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ጽሑፍ አሳትሜ ስመለስ፣ በፍላሼ ላይ የነበሩት ፎልደሮች በሙሉ ሾርትከት ሆነው ጠበቁኝ። ጠፍተውብኝ ይሆን?

መልስ፦ በአብዛኛው አልጠፉም፤ ቫይረሱ ፎልደሮቹን ደብቆ በቦታቸው የራሱን ሾርትከት አስቀምጧል። ሾርትከቱን ደጋግመው አይጫኑ፤ ሲከፍቱት ቫይረሱ ወደ ኮምፒውተርዎ ይገባል። በዊንዶውስ የፎልደር ማስተካከያ ውስጥ የተደበቁትንም የሲስተም ፋይሎችንም እንዲያሳይ ካዘዙት ሰነዶችዎ ይወጣሉ፤ እነርሱን ብቻ ይቅዱና ፍላሹን ፎርማት ያድርጉት። ለኅትመት የሚሆን ባዶ ፍላሽ ለብቻው ይያዙ፤ በእሱም ላይ ፒዲኤፍ ብቻ ይጫኑበት። ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ሊሄድ ስለሚችል፣ ከላይ ማራኪዎችን ያስቸገረው ነገር በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አይገጥምዎትም።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ ነው የምንጽፈው። ተሰባስበን የከተማችንን ካርታ በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ለማሟላት አስበናል። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ የተጀመረው ይህ ካርታ ማንም የሚያርመው ስለሆነ አሳባችሁ የሚቻል ነው፤ ከጉግል ማፕ ግን አንድ ስም እንኳ እንዳትገለብጡ፣ የካርታው ፈቃድ አይፈቅድም። ምንጫችሁ እግራችሁና ካርታው ራሱ የሚያቀርብላችሁ የሳተላይት ምስል ይሁን። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነውና የሚስለው ጎብኚ አያጣም። እናንተ ጎብኚ የማያየውን ውኃ ቦኖ፣ መድኃኒት ቤትና በክረምት በጭቃ የማያሳልፈውን ውስጥ ለውስጥ መንገድ መዝግቡ። የሰፈርን ስም የባጃጅ ሾፌሮችንና አረጋውያንን ጠይቁ፤ መልሳቸው ከተለያየ አንዱን ዋና አድርጋችሁ ሌላውን ካርታው ለተለዋጭና ለቀድሞ መጠሪያ በመደበው ቦታ አስገቡት እንጂ አትጣሉት። በጥምቀት ሰሞን ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወስደው መንገድ ቢዘጋም እንደተዘጋ አድርጋችሁ አታስገቡ፤ ሰዎች ካርታውን ያለ ኢንተርኔት ለመጠቀም ኦስማንድ ወይም ኦርጋኒክ ማፕስ በሚባሉ የስልክ መተግበሪያዎች ላይ ጭነው ለወራት ሳያድሱት ስለሚይዙት፣ ያ መንገድ እስከ ሰኔ ድረስ እንደተዘጋ ይታያቸዋል።