መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ የኢነርጂ ፖሊሲ በድብቅ ይወጣል ወይ ላልከው
ወንድሜ «ሚዲያው ነፃ በሆነበት ሀገር መንግስት ይሄን እንዴት ይደብቃል» ብለህ ለጠየቅከው፣ ይደብቃል፣ ደብቆም ያውቃል። በ2001 እ.ኤ.አ. ቡሽ ገና ስልጣን እንደያዘ ምክትሉ ዲክ ቼኒ የኢነርጂ ፖሊሲ የሚያዘጋጅ ግብረ ሃይል እንዲመራ አደረገ፣ ከነማን ጋር እንደተመካከራችሁ ንገሩን ሲባሉ ግን እምቢ አሉ፣ የኮንግረሱ ኦዲት መስሪያ ቤት ሳይቀር ፍርድ ቤት ሄዶ ተሸነፈ፣ ሁለት ድርጅቶች የከሰሱትም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ተመልሶ በ2005 ለቼኒ ተፈረደ።

እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ የዛው አመት ኖቬምበር ነው። የትላልቆቹ ነዳጅ ኩባንያዎች አለቆች ሴኔት ፊት ተደርድረው ተቀምጠው ኩባንያችሁ የቼኒ ግብረ ሃይል ስብሰባ ላይ ነበር ወይ ሲባሉ ገሚሱ አልነበረም ገሚሱ አላውቅም አለ፣ ሰብሳቢው ሴናተር ደግሞ ቃለ መሃላ አይፈፅሙም ብሎ ነበር! በሳምንቱ ዋሽንግተን ፖስት የዋይት ሃውስ ሰነድ አግኝቶ የኤክሶን ሞቢል፣ የኮኖኮ፣ የሼልና የቢፒ ሰዎች ከቼኒ ረዳቶች ጋር እንደተገናኙ አወጣው። ሚዲያው ስራውን ሰርቷል በርግጥ፣ ግን ከ4 አመት በላይ ቆይቶ ነው፣ የኢነርጂ ህጉ ደግሞ ኦገስት ላይ ተፈርሞ አልቋል።