ወረቀቱ ሲጓተት፦ ስለ ማደጎ የተላኩ ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል ስለ ማደጎ፣ በተለይም ከጉዳዩ ባለቤቶች አንዱ ባሕር ማዶ ሲሆን ስለሚያጋጥመው የሰነድ መጓተት የሚጠይቁት በርክተዋል። የዛሬውን ዓምድ ለእነርሱ ሰጥቻለሁ።

«ቤተሰባችንን ለረጅም ጊዜ የሚያውቁ የውጭ አገር ባልና ሚስት እናት አባቱ የሞቱበትን የልጅ ልጄን ወስደው ሊያሳድጉት ከጠየቁ ሁለት ዓመት ሆነ። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ‹ትንሽ ገንዘብ ከጨመራችሁ ይፋጠናል› ይለናል። እንጨምር?» (ከሐይቅ)

አይጨምሩ፣ እማማ። የገጠማችሁ መዘግየት ሳይሆን የተዘጋ በር ነው። የቤተሰብ ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 ሲሻሻል የውጭ ዜጎች ኢትዮጵያዊ ሕፃናትን በማደጎ እንዳይወስዱ ተከልክሏል። ያ ሰው የሚሸጥላችሁ ተስፋ ነው፤ የከፈላችሁበት ደረሰኝ ካለ አስቀምጡት። ባልና ሚስቱ ልባቸው ለልጁ ካለ፣ እርስዎ ጋ ሆኖ ሲማር ሊረዱት ይችላሉ።

«አሜሪካ ያለች እህቴ የሟች ወንድማችንን የ13 ዓመት ልጅ በማደጎ ልትወስድ ትፈልጋለች። ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ ነው፤ ግሪን ካርድ አላት። ስንት ጊዜ ይፈጃል?» (ከኮምቦልቻ)

እዚህ ያለውና እዚያ ያለው ሕግ ተለይተው መታየት አለባቸው። እዚህ የማደጎ ስምምነቱ በፍርድ ቤት ካልጸደቀ አይጸናም። እህትዎ በአካል ካልቀረበች የምትልከው ውክልና በምትኖርበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል አልፎ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ ከዚያም ሰነዶች ማረጋገጫ ይገባል። ከእነዚህ አንዱን ማኅተም ዘለው ቢሄዱ ተመልሰው ከመጀመሪያው ነው የሚነሡት።

የከበደው ግን የአሜሪካው ነው። የዚያ አገር የኢሚግሬሽን ሕግ የአሜሪካ ዜግነት የሌለው አሳዳጊ ልጁን እንዲያስመጣ፣ ማደጎው ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው እንዲጸድቅ፣ አሳዳጊውም ለ2 ዓመት በሕጋዊ ጥበቃው ሥር አድርጎ አብሮት እንዲኖር በመሠረቱ ይጠይቃል። እህትዎ እዚያ፣ ልጁ እዚህ ሆነው ይህ የአብሮ መኖር ዘመን አይቆጠርም፤ እርሷ ለረጅም ጊዜ እዚህ ከመጣች ደግሞ ግሪን ካርዷ አደጋ ላይ ሊወድቅ ስለሚችል፣ አንድ ሳንቲም ሳታወጡ በፊት የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ታማክር። ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ለእረፍት እንደሚዘጉም አስቡ፤ በሐምሌ መጨረሻ የቀረበ ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ ጥቅምትን ይጠብቃል፣ የልጁ ዕድሜ ግን አይጠብቅም።

«ባለቤቴ ካናዳ ነው። በማደጎ ያሳደግነው ልጅ ፋይል በስምና በልደት ቀን ልዩነት ተመለሰብን። የቱን እናርም?» (ከደሴ)

ከሁሉ የበዛው የዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ ሥራ አስፈቺውም ይኸው ነው። የላኩልኝን ቅጂዎች አይቻለሁ። የጤና ጣቢያው የክትባት ካርድ ልጁ ጳጉሜ 3 ቀን 2005 እንደተወለደ ይላል። ይህ በፈረንጅ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 8 ቀን 2013 ነው፤ የልደት ምስክር ወረቀቱም በትክክል እንዲሁ ይላል። ተርጓሚው ግን ጳጉሜን እንደ ሴፕቴምበር ቆጥሮ «ሴፕቴምበር 3» ብሎ ጽፎታል። አምስት ቀን ነው፣ ለኤምባሲ ግን ሌላ ልጅ ነው። ተመሳሳይ ስሕተት በዓመትም ይመጣል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ የምንጨምረው 7 ሲሆን፣ ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ 8 ነው። ኅዳር የተወለደን ልጅ 8 ጨምረው አንድ ዓመት ያሳነሱት ብዙ ናቸው።

ስሙም እንደዚሁ። «ሰይድ» የሚለው በልደቱ ወረቀት ኤስ-ኢ-አይ-ዲ፣ በፍርድ ቤቱ ውሳኔ ትርጉም ኤስ-ኤ-አይ-ዲ፣ በትምህርት ቤቱ ኤስ-ኢ-ዋይ-አይ-ዲ ተብሎ ተጽፏል። በአማርኛ አንድ ስም ነው፤ ወሎ ውስጥ ደግሞ ሰይድና መሐመድ ያልሞላበት ክፍል ስለሌለ ማንም አይገርመውም። ስለዚህ አማርኛው ትክክል ከሆነ አማርኛውን አትንኩት፤ አንድ አጻጻፍ፣ ይኸውም ፓስፖርቱ ላይ ያለውን፣ መርጣችሁ ሁሉንም ትርጉሞች በአንድ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ እንደገና አስደርጉ። የልደት ምስክር ወረቀቱን ግን «ለማስማማት» ብላችሁ እንዳትቀይሩት፤ ትክክለኛውን ሰነድ ለስሕተቱ ማስገበር ነው የሚሆንባችሁ። እኔ ራሴ በአንድ ፊደል ምክንያት አንድ መሥሪያ ቤት አራት ጊዜ ተመላልሼ፣ ሦስቱን ጊዜ «ማኅተም የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው» ተብዬአለሁና ስታመለክቱ ሁሉንም በአንድ ማመልከቻ ጠይቁ።

«የቀበሌያችን መዝገብ በጦርነቱ ጊዜ ጠፍቷል። የልጁን ልደት በምን እናስረዳ?» (ከወልድያ)

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በሐምሌ 2008 መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ለተወለደ ልጅ የቀበሌው ወረቀት ብቸኛው ማስረጃ አልነበረም። የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ወረቀት፣ የትምህርት ቤት መዝገብና ልጁን ከውልደቱ የሚያውቁ ምስክሮች ይዛችሁ ምን እንደሚያስፈልግ መዝጋቢውን በጽሑፍ ጠይቁት። የቃል መልስ ቀጠሮ ብቻ ነው የሚሆነው።

«በ2003 በስድስት ዓመቴ ወደ ውጭ ተወሰድኩ። የወለደችኝ እናቴ ደቡብ ወሎ ናት ይላል ወረቀቴ፣ የቀበሌውን ስም ግን ማንም አላወቀልኝም። ከየት ልጀምር?» (በአስተርጓሚ የተጻፈ)

እህቴ፣ በመጀመሪያ ማወቅ ያለብሽ ማደጎ በሕጋችን ከወላጅ ቤተሰብ ጋር ያለሽን ዝምድና እንዳልቆረጠ ነው። በዚያ ዘመን የውጭ ማደጎ ይጸድቅ የነበረው አዲስ አበባ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ስለሆነ፣ ፋይሉን ደሴ አትፈልጊው፤ መዝገብ ቁጥሩን ይዘሽ ወይም በውክልና እዚያ ጠይቂ። በወረቀትሽ ላይ በስምምነቱና በውሳኔው መካከል ወራት ካለፉ አትጠራጠሪ፤ በመጋቢት 2003 የሚመለከተው ሚኒስቴር በቀን 50 ያህል ያስተናግድ የነበረውን የማደጎ ጉዳይ ወደ 5 ስላወረደው ብዙ መዝገብ ተንጠልጥሎ ነበር።

የምትጠይቂው ትርጉሙን ሳይሆን የአማርኛውን ዋና ውሳኔ ቅጂ ይሁን። በላቲን ፊደል ‹ተ› እና ‹ጠ›፣ ‹ከ› እና ‹ቀ› ብዙ ጊዜ አይለዩም፤ የቀበሌሽ ስም የጠፋው ከመዝገቡ ሳይሆን ከትርጉሙ ሊሆን ይችላል። አማርኛውን ያገኘሽ ዕለት ፎቶውን ላኪልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።