ስፓኒሽ ከሥራ ቦታ ለምትለምዱ ወገኖቼ

አሜሪካ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ዋሽንግተን አካባቢ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሰሃን አጣቢ ነበርኩ። ከጎኔ የሚሠራው የኤል ሳልቫዶር ሰው ነው። የአራት ልጆች አባት። ስለ ልጆቹ ሲያወራ ሁልጊዜ «ሚስ ቢቾስ» ይላል፣ ልጆቼ ማለቱ ነው። ጠዋት ስንገናኝ «ቢቾዎችህ እንዴት ናቸው?» እለዋለሁ። ደስ ይለዋል። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳየኛል።

ከዚያ ሥራ ቀየርኩ። አዲሷ አለቃዬ የፖርቶ ሪኮ ሴት ነበረች፣ የሁለት ልጆች እናት። ሰው አክባሪ ናት። እኔም አክብሮቴን ላሳያት ፈለግሁ። አንድ ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ባለችኝ ስፓኒሽ «ቢቾዎችሽ እንዴት ናቸው?» አልኳት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ፊቷ ተለዋወጠ። በማግስቱ ቢሮ ተጠራሁ።

በፖርቶ ሪኮ ቢቾ ማለት የወንድ ብልት ነው። ያውም በባለጌ አጠራሩ። የድሮው ጓደኛዬ በስልክ ገብቶ የእሱን አገር ትርጉም ባያስረዳልኝ ኖሮ እንጀራዬ እዚያው ያበቃ ነበር። እሷም ገባት፣ ይቅርታዬን ተቀበለችኝ። እኔ ግን ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በአገሬ እናትን በልጆቿ ስም ሰላም ማለት ምርቃት ነው። እዚህ ስድብ ሆኖብኝ አረፈው።

ይህን የምጽፍላችሁ አብዛኞቻችን ስፓኒሽን የምንለምደው ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከወጥ ቤት፣ ከፓርኪንግ፣ ከጽዳትና ከግንባታ ሥራ ስለሆነ ነው። ጆሯችን ደግሞ መጀመሪያ የሚይዘው ስድቡን ነው። ስድብ አጭር ነው፣ በቀን መቶ ጊዜ ይደጋገማል፣ በስሜት ይነገራል። «ፎጣ አቀብለኝ» ማለት ሳንችል የእናት ስድብ አፋችን ላይ ይገኛል።

ከሁሉ በፊት አንድ ልማዳችንን እንተው። እኛ ሁሉንም «ስፓኒሾች» እንላቸዋለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ ሁሉንም «ሜክሲኮ» እንላለን። ሳልቫዶሩን ሜክሲኮ ነህ ስትሉት ቅር ይለዋል። ስፓኒሽ ከ20 በላይ በሆኑ አገሮችና ግዛቶች ይነገራል። ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ በአብዛኛው አንድ ነው፣ ስለዚህ ይግባባሉ። ነውር የሚባለው ቃል ግን እንደየአገሩ ይለያያል። ስለዚህ ሰውየውን ስማችሁን ከነገራችሁት በኋላ ከየት እንደመጣ ጠይቁት። «ዴ ዶንዴ ኤስ ኡስቴድ?» ይበቃል። ደስ ብሎት ነው የሚመልስላችሁ።

በዋሽንግተን ዙሪያ ከላቲኖቹ በቁጥር የሚበልጡት ሳልቫዶሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 የጀመረው የእርስ በርስ ጦርነት በ1992 እስኪያበቃ ድረስ ብዙ ሰው ሸሽቶ መጣ። የእኛም ሰው ደርግን ሸሽቶ የመጣው በዚያው ዘመን ነው። አዳምስ ሞርጋን አካባቢ ጎን ለጎን ኖረናል። ለዚህ ነው እዚህ ያለን ሰው ሳናውቀው የሳልቫዶርን ስፓኒሽ የምንናገረው። ለምሳሌ «ሲፖቴ» እንላለን። በሳልቫዶርና በሆንዱራስ ልጅ ማለት ነው። ስፔን ሄዳችሁ ብትሉት ግን ያው እኔን ያዋረደኝ ዓይነት ትርጉም ነው ያለው።

ወጥ ቤት የምትሠሩ «ፒንቼ»ን ሳትሰሙ አትውሉም። የሜክሲኮ ሰው ምድጃው እንቢ ሲለው «ፒንቼ ምድጃ» ይላል። የተረገመ እንደማለት ነው፣ ግን ከዚያ ይከብዳል። ስፔን ውስጥ ግን ፒንቼ የወጥ ቤት ረዳት ነው። ሥራ ማስታወቂያ ላይ «ፒንቼ ዴ ኮሲና» ተብሎ ይጻፋል። አሜሪካ ኖራችሁ ወደ ማድሪድ የምትሻገሩ፣ አሠሪያችሁ እንዲህ ቢላችሁ አትቆጡ። ሥራችሁን ነው የጠራው።

«ኮኸር» የሚለውንም ልብ በሉ። በስፔን መያዝ ማለት ነው። እኛ «ታክሲ ያዝኩ» እንደምንለው እነሱም አውቶቡስ ያዝኩ ለማለት ይጠቀሙበታል። በሜክሲኮና በአርጀንቲና ግን ግብረ ሥጋ መፈጸም ነው፣ በብልግና አነጋገር። ከስፔን መጽሐፍ የተማረ ሰው ሜክሲኮዎች መሀል ይህን ሲናገር ሳቅ ይፈነዳል። «ቶማር» በሉ። የትም አገር አያሳፍራችሁም።

«ጓጓ»ን ስሰማ እኔ የአማርኛው መስሎኝ ነበር። በኩባ፣ በዶሚኒካን፣ በፖርቶ ሪኮና በካናሪ ደሴቶች አውቶቡስ ነው። በቺሊና በፔሩ በኩል ግን ሕፃን ነው፣ ኬቹዋ ከሚባለው የዚያ አካባቢ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ የመጣ። ዶሚኒካኑ «ጓጓ እየጠበቅኩ ነው» ሲል ቺሊያዊው ልጅ ሊወለድለት ነው ብሎ ያስባል። ይህኛው እንኳ ማንንም አይጎዳም። «ኮንቻ» ግን ይጎዳል። የሜክሲኮ ዳቦ ቤት ገብታችሁ ኮንቻ ብትጠይቁ ላዩ ስኳር የተለበጠ ጣፋጭ ዳቦ ይሰጧችኋል። አርጀንቲናዊት ፊት ግን የሴት ብልት ነው። ፓፓያ የምትወዱም እንዲሁ። ኩባ፣ ሃቫና ላይ ቃሉ ተመሳሳይ ነውር ስላለው ፍሬውን «ፍሩታ ቦምባ» ነው የሚሉት።

ስለ እናት ስድብ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይህን እኛ ከማንም በላይ እንረዳዋለን። በአማርኛ «እናትክን» ብሎ የጀመረ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ባይጨርስም ጠብ ይነሳል። ሜክሲኮም እንዲሁ ነው። ከባዱ ስድብ ሁሉ «ማድሬ»፣ እናት የሚለውን ቃል ይዞ ነው የሚዞረው። ስለዚህ «ቱ ማድሬ» ብሎ መጀመር በራሱ ጆሮ ያቆማል። የሰው እናት ስትጠይቁ «ቱ ማማ» በሉ። አንድ ልጃችን የታመመች እናቱን ሊጠይቅለት ብሎ «ቱ ማድሬ» ብሎ ሲጀምር ሜክሲኮው ፊቱን ሲያጠቁር በዓይኔ አይቻለሁ። ልጁ ቅን ነበር። ቃሉ ነው ያጋጨው።

በጓደኛሞች መካከል የሚባለው ሌላ ነው። የሜክሲኮ ልጆች «ጉዌይ» ይባባላሉ፣ መነሻው በሬ ማለት ነው። ሳልቫዶሮች «ሴሮቴ» ይባባላሉ፣ ትርጉሙን እዚህ አልጽፈውም። «ካብሮን»ም አለ። እኛም የምንወደውን ጓደኛ «አንተ ሌባ!» ብለን እናቅፈው የለ? መንገድ ላይ ያገኘነው ሰው ግን እንዲህ ቢለን ዝም አንልም። ከዚህም አልፎ «ፔንዴሆ» በሜክሲኮ ደደብ ነው፣ በአርጀንቲና ለጋ ልጅ፣ በፔሩ ብልጣብልጥ። ያው አንድ ቃል ነው።

እኔ ከ20 ዓመት በላይ አብሬያቸው ኖሬም እነዚህን አልጠቀምም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። የሰው ቋንቋ ስድብ አፍ ላይ አይከብድም። ልጅ ሆነን እነዚህን ቃላት ስንል እናታችን አልቆነጠጠችንም፣ ስለዚህ ክብደታቸውን ሰውነታችን አያውቀውም። የሚከብደው የሚሰማው ሰው ላይ ነው። ሲነገር ተረዱ፣ ግን አትናገሩት። የግድ መናደድ ካማራችሁ ለስለስ ያሉ አሉ። ሳልቫዶሩ «ፑቺካ»፣ ሜክሲኮው «ኢሆሌ» ይላል። ልጅ ፊትም ይባላል።

የስፔኑ አንድ ነገር ግን ለእኛ ለሃይማኖተኞቹ ይከብዳል። እዚያ ሰው ሲደነግጥም ሲደሰትም «ኦስቲያ» ይላል። ቃሉ ቅዱስ ቁርባኑ ነው። መጀመሪያ ስሰማ አማተብኩ። ብዙዎቹ ትርጉሙን ሳያስቡት ነው የሚሉት። የሚጠነቀቁት «ኦስትራስ» ብለው ያለዝቡታል። እናንተ ግን አትልመዱት።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ዶሚኒካን ወይም ኮሎምቢያዊ «ሚ ኔግሮ»፣ የእኔ ጥቁር ቢላችሁ ለመቆጣት አትቸኩሉ። ሚስቱንም «ኔግራ» ይላታል፣ ነጭ ብትሆንም። «ሞሬኖ»ም፣ ጠይም ማለት ነው፣ እንዲሁ ነው። ቀጭኑን «ፍላኮ»፣ ወፍራሙን «ጎርዶ» ይሉታል። ሜክሲኮዎች ጸጉሩ የተጠቀለለውን «ቺኖ» ይላሉ፣ ቦጎታ ላይ ደግሞ ቺኖ ልጅ ነው። ግን ሁሉም ፍቅር ነው ብላችሁ አትሞኙ። «ኔግሮ ዴ ሚዬርዳ» ከተባላችሁ የትኛውም አገር ስድብ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አብሮ የነበረውን ሰው ጽፋችሁ ለአለቃ ተናገሩ። በፍቅርም ቢሆን ካልተመቻችሁ ስማችሁን ነግራችሁ በስሜ ጥሩኝ በሉ። መብታችሁ ነው።

አንድ ጥሩ ዜናም አለ። አማርኛ ተናጋሪ «አንተ»ና «እርስዎ»ን ያውቃል። «ቱ»ና «ቦስ» አንተ፣ «ኡስቴድ» እርስዎ ማለት ናቸው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪውን ሲያደናግሩት እኛን አያስቸግሩንም። በማታውቁት አገር ሰው ፊት «ኡስቴድ» በሉ። ኮሎምቢያ ውስጥ ጓደኛሞችም ይባባሉበታል።

ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት አዲስ ቃል ይዘው ቢመጡ ደግሞ አትምቷቸው። ከየትኛው ጓደኛ እንደሰሙት ጠይቋቸው። ብዙ ጊዜ ትርጉሙን አያውቁትም።

ያቺ አለቃዬ አሁን ጡረታ ወጥታለች። በዓል ሲመጣ እንደዋወላለን። ያኔ ይቅርታዬን ከተቀበለች በኋላ ወረቀት ላይ «ኔኔ» ብላ ጽፋ ሰጥታኝ ነበር። በእነሱ አገር ልጅ እንዲህ ነው የሚባለው። ባለፈው ገና ስደውልላት «ኔኔዎችሽ እንዴት ናቸው?» አልኳት። ትልቁ አግብቶ ልጅ እንደወለደ ነገረችኝ።